ዘግይቶ የሚያብበው በቆሎ፦ የቡሬና የፍኖተ ሰላም ምርጥ ዘር ታሪክ

በቆሎ ለጎጃም ዘግይቶ የደረሰ እንግዳ ነው። መገኛው አሜሪካ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከ16ኛው መቶ ዘመን ወዲህ በባሕር ንግድ በኩል ነው። ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናንና ወንበርማ ሲደርስ ደልዳላው ማሳ ባለቤት ነበረው፤ ጤፉ፣ ዳጉሳው፣ ስንዴው፣ ኑጉና በርበሬው ተከፋፍለውታል። ለበቆሎ የተረፈለት ጓሮ ነበር። የጓሮ አፈር በአመድ፣ በፍግና በቤት ጥራጊ ስለሚደልብ ብዙ ለሚበላው ለዚህ ተክል ተስማማው። የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ይዘራል፤ በክረምቱ እኩሌታ ያብባል፤ ጎተራው በተራቆተበትና አዲሱ እህል ገና ባልደረሰበት ወቅት እሸቱ እየተጠበሰና እየተቀቀለ ቤተሰቡን ወደ መስከረም ያሻግራል። ገበሬው ከዚህ በቆሎ የሚጠብቀው ፍጥነት ነበር እንጂ ብዛት አልነበረም። ዘሩንም ከዓመት ዓመት ሲመርጥ ቶሎ የደረሰውን ለዘር እያስቀረ ነበር። በዚህ ምርጫ ውስጥ፣ ማንም ሳያስበው፣ አንድ ሌላ ነገር አብሮ ተመርጧል፤ በቆሎው የሚያብብበት ወር። የምዕራብ ጎጃም የቅርብ ጊዜ ታሪክ የሚያሳየው የአንድ ዝርያ ጠባይ በኩንታል ብቻ ሊለካ እንደማይገባ ነው። ዝርያ የራሱን የቀን አቆጣጠር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ያ አቆጣጠር ከሌሎች ፍጥረታት አቆጣጠር ጋር የት እንደሚገናኝ አስቀድሞ ያልመረመረ አገር ዋጋውን ኋላ ይከፍላል።

ከነዚያ ፍጥረታት አንዷ የወባ ትንኝ ናት። የቡሬ ወረዳ ከከተማዋ ከፍታ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ፣ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል። የጎጃም ሰው ወባን የቆላ በሽታ አድርጎ ያውቃት ነበር፤ ቤቱን ከፍ ባለው መሬት ሠርቶ ለሥራ ወደ ቆላ መውረድና ቶሎ መመለስም የቆየ ጥንቃቄው ነው። ጥንቃቄው ግን ሁልጊዜ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1953 ወረርሽኙ ከጣና በስተሰሜን ደምቢያን መታ፤ ሺዎች ሞቱ። በ1958 ደግሞ በአገሪቱ ደጋና ወይና ደጋ ላይ የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ተገምቷል። የተጠቁት አካባቢዎች ከፍታ በ1,600ና በ2,150 ሜትር መካከል ነበር። ቡሬም ፍኖተ ሰላምም በዚሁ ከፍታ ውስጥ ይወድቃሉ። በከፍታው ላይ የሚኖር ሕዝብ በየዓመቱ ስለማይታመም በደሙ ውስጥ መከላከያ አልገነባም፤ በሽታው አንድ ጊዜ ሲወጣበት ሕፃን ሽማግሌ ሳይለይ ይጥለዋል። ከዚያ ጥፋት በኋላ የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቁሞ በዲዲቲ ቤት ለቤት ርጭት ተጀመረ። ይህን የ1958 ዘመን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ በኋላ ለሚነሣው ክርክር ዋነኛ ምስክር ነውና።

የበቆሎው ዕጣ የተለወጠው በምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በባኮ የምርምር ማዕከል ነው። ተመራማሪዎቹ ከኬንያው ኪታሌና ከላቲን አሜሪካው ኤኳዶር የተገኙ የዘር ሐረጎችን እያዳቀሉ ሲሠሩ ቆይተው በ1988 ቢኤች 140፣ በ1993 ቢኤች 660፣ በ1995 ቢኤች 540 የተባሉትን ዲቃላ ዝርያዎች ለገበሬ አበቁ። ሦስቱ ጠባያቸው ይለያያል። ቢኤች 140 ለዝቅተኛውና ለመካከለኛው ከፍታ የተስማማ ነበር። ቢኤች 540 በ145 ቀን ገደማ ይደርሳል፤ ከ1,000 እስከ 2,000 ሜትር ይስማማዋል። ቢኤች 660 ከሁሉም ረጅሙና ዘገምተኛው ነው፤ ከ1,600 እስከ 2,200 ሜትር ባለው መሬት 160 ቀን ያህል ይቆያል፣ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ተኩል ያልፋል፣ በምርምር ጣቢያ ከ90 እስከ 120 ኩንታል፣ በገበሬ ማሳ ከ60 እስከ 80 ኩንታል በሄክታር ይሰጣል። የአገሪቱ አማካይ የበቆሎ ምርት በዚያን ጊዜ በሄክታር 16 ኩንታል ገደማ እንደነበር ላስታወሰ ሰው ይህ ቁጥር ምን ያህል አስደናቂ እንደነበር ይገባዋል። የምርቱ ምሥጢርም መዘግየቱ ራሱ ነው። ዘግይቶ የሚያብብ ተክል ረዘም ላለ ጊዜ ቅጠል ያበጃል፤ ብዙ ቅጠል ብዙ ፀሐይ ይሰበስባል፤ የክረምቱንም እርጥበት እስከ መጨረሻው ይጠቀማል። ስለዚህ የቢኤች 660ን ብዛት ከመዘግየቱ ነጥሎ መውሰድ አይቻልም ነበር።

የወይን አገሮች የዝርያ ጊዜ ከቦታው ጋር መስማማት እንዳለበት በረጅም ልምድ ተምረዋል። በፈረንሳይ ቦርዶ ሜርሎ የሚባለው ወይን ቀድሞ ያቆጠቁጣል፣ ቀድሞም ይበስላል፤ ካበርኔ ሶቪኞን ዘግይቶ ይደርሳል። ስለዚህ ሜርሎ በቀኝ ዳርቻው በሴንት ኤሚሊዮን ቀዝቃዛ ሸክላ ላይ፣ ካበርኔ ደግሞ ሙቀት በሚይዘው በሜዶክ ጠጠር ላይ በብዛት ይተከላል። እዚያም ቢሆን ትምህርቱ ያለ ዋጋ አልመጣም። በ19ኛው መቶ ዘመን ከአሜሪካ በመጣ የወይን ችግኝ ሥር ተደብቃ የገባችው ፊሎክሴራ የምትባል ጥቃቅን ነፍሳት የፈረንሳይን ወይን ከሥሩ አደረቀችው። ፈረንሳዮች ወይን መትከል አላቆሙም። ነፍሳቷን በሚችለው በአሜሪካው ሥር ላይ የራሳቸውን ወይን እያጣበቁ መትከል ጀመሩ እንጂ። አዲስ ዝርያ ከፍሬው ሌላ ምን ይዞ ይመጣል የሚለው ጥያቄ ለጎጃም ብቻ የተነሣ አይደለም።

ቢኤች 660 ወደ ገበሬው እጅ የገባበት መንገድ በፖለቲካም የተደገፈ ነበር። በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ጀመረ፤ ከጀርባው የአሜሪካው የቀድሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርና የስንዴው ሊቅ ኖርማን ቦርሎግ ነበሩ። አሠራሩ ቀላል ነበር፤ ገበሬው ከመሬቱ ግማሽ ሄክታር ያህል ይመድባል፣ ምርጥ ዘር፣ ዳፕና ዩሪያ በብድር ይወስዳል፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኛው አጠገቡ ሆኖ በመስመር ያዘራዋል። ውጤቱን ያየው የመለስ ዜናዊ መንግሥት በ1995 አሠራሩን የአገር አቀፍ የግብርና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አደረገው። ዝናቡ አስተማማኝ፣ አፈሩ ቀይና ጥልቅ የሆነው ምዕራብ ጎጃም ከቀዳሚዎቹ ተመራጮች መካከል ነበር። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በቆሎ ከጓሮ ወጥቶ ደልዳላውን ማሳ ወረሰ፤ ዳጉሳና ኑግ የነበሩበት መሬት ከሰው ቁመት በላይ በሆነ አገዳ ተሸፈነ፤ ጓሮውም ቢሆን በቆሎነቱን አልተወም፣ ዝርያውን ግን ለወጠ። ይህን ለውጥ እንደ ስሕተት መቁጠር ፍትሕ አይሆንም። ብዙ ቤተሰብ ልጁን ያስተማረው፣ ሣር ክዳኑን ቆርቆሮ ያደረገው፣ በሬ የገዛው በዚያ በቆሎ ነው።

ከዚያ፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ 1990 ዓ.ም. መጣ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በቡሬ ወረዳ የተነሣው ወባ እስከ 1991 መግቢያ ድረስ ከመንደር መንደር ተዛመተ። በሽታው የወጣበት ወቅት ራሱ አዲስ አልነበረም፤ በአማራ ክልል የወባ ወራት ከመስከረም እስከ ኅዳር ነው። ያልተለመደው ብርታቱ ነው፤ ከዚህም በላይ አንዱን ቀበሌ አጥቅቶ ሌላውን መተዉ ነው። የቦስተን ዩኒቨርሲቲው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን፣ በአፍሪካ የበቆሎን ታሪክ ሲያጠኑ፣ ከኢትዮጵያውያን ባለሙያዎች ጋር ሆነው ያተኮሩት በዚህ ልዩነት ላይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመው መጽሐፋቸውም የቡሬን ነገር በሰፊው ተርከውታል። ብዙ የታመመበት ቀበሌ ብዙ ምርጥ ዘር በቆሎ የተዘራበት ሆኖ ተገኘ። መጀመሪያ ለሚሰማው ይህ የአጋጣሚ ወሬ ይመስላል። በቆሎ ትንኝ አያረባም፤ ትንኝም በቆሎ አትበላም፤ ታዲያ ሁለቱን ምን አገናኛቸው?

መልሱ ከውሃው ውስጥ ተገኘ። በኢትዮጵያ ዋነኛዋ ወባ አስተላላፊ አኖፊለስ አራቢየንሲስ የምትባለው ትንኝ ናት። እንቁላሏን የምትጥለው ፀሐይ በሚያገኘው፣ ጥልቀት በሌለው፣ ብዙ ጊዜም በደፈረሰ ውሃ ላይ ነው፤ የከብት ኮቴ በወጋው ጭቃ፣ ለቤት ምርጊት አፈር በተቆፈረበት ጉድጓድ፣ በመንገድ ዳር ቦይ። በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ከእንቁላሉ ለሚወጣው እጭ የሚበቃ ምግብ ስለማይገኝ ብዙው ክንፍ ሳያወጣ ይሞታል። የማነ የእብዮና ባልደረቦቻቸው በ2000 ባሳተሙት ጥናት ያረጋገጡት የበቆሎ አበባ ብናኝ ይህን ርሃብ እንደሚያስወግድ ነው። አንድ የበቆሎ አገዳ ከአናቱ ሚሊዮኖች የብናኝ ቅንጣት ያራግፋል፤ ቅንጣቱ ከብዙ ተክል ብናኝ የከበደ ስለሆነ ሩቅ አይሄድም፣ አብዛኛው በጥቂት አሥር ሜትሮች ውስጥ ይወድቃል። ከሚያብብ በቆሎ አጠገብ ባለ ውሃ ውስጥ ያደጉ እጮች ብዛታቸው በዝቶ፣ ውሃው ደፍርሶም ቢሆን፣ በቶሎ ለክንፍ ይበቃሉ፤ የሚወጡትም ትንኞች ገዘፍ ያሉ ናቸው። ግዝፈቱ ቀላል ነገር አይደለም። የወባ ተሕዋሲ በትንኟ ሆድ ውስጥ እስኪበስል በሙቅ አገር 10 ቀን ገደማ፣ በቡሬ ዓይነት ቀዝቀዝ ባለ ከፍታ ደግሞ ከዚያ የበለጠ ይፈጃል። ተሕዋሲው ከመብሰሉ በፊት የምትሞት ትንኝ ማንንም አታሳምምም፤ በደንብ ተመግባ ያደገች ትንኝ ግን እስከዚያ ቀን የመቆየት ዕድሏ ይሰፋል።

አሁን ወደ አበባው ወር እንመለስ። የጓሮው በቆሎ የሚያብበው በከባዱ ዝናብ መካከል ስለነበር ብናኙ የሚወድቀው ጎርፍ ኩሬውን በየቀኑ እያጠበ እጩን በሚወስድበት፣ ብርዱም ዕድገቱን በሚያዘገይበት ጊዜ ነበር። በግንቦት መጨረሻና በሰኔ የሚዘራው ቢኤች 660 ግን አበባውን የሚያወጣው ነሐሴ ሲጋመስ ጀምሮ ወደ መስከረም ነው። ያኔ ዝናቡ ሳስቷል፣ ውሃው በየጉድጓዱ ረግቷል፣ ፀሐይ ወጥታለች፣ ትንኟም እንቁላል የምትጥልበት ሰዓት ደርሷል። ምግቡና በሊታው በአንድ ወር ተገናኙ። ይህ መገናኘት በማንም ሰው ክፋት የመጣ አይደለም፤ የዘር አዳቃዩ የዝናቡን ርዝመት አይቶ ሠራ፣ ገበሬው ኩንታሉን አይቶ ዘራ። አበባው ከማን ወቅት ጋር ይገናኛል የሚለውን ጥያቄ የሚጠይቅ ወንበር ግን በግብርናም በጤናም መሥሪያ ቤት አልነበረም። የጎደለው ይህ ነው።

ይህን ማብራሪያ የማይቀበሉ ሰዎች የሚያነሡት ነገር ክብደት አለው። አንደኛው የ1958 ወረርሽኝ ነው፤ ያኔ ምርጥ ዘር በቆሎ በአገሩ አልነበረም፣ ወባ ግን እጅግ ብዙ ሰው ጨረሰ። እውነት ነው፤ ስለዚህም በቆሎ ወባን ፈጠረ የሚል ሰው ይሳሳታል። ነገሩ የማባባስ እንጂ የመፍጠር አይደለም። ሁለተኛው የአየር ጠባይና የመድኃኒት ጉዳይ ነው፤ በ1997ና በ1998 ኤል ኒኞ ዝናቡን አዛብቶታል፣ ክሎሮኪንም ኃይሉ ስለደከመ ያን ጊዜ አካባቢ በፋንሲዳር ተተክቷል። እነዚህ ምክንያቶች ግን መላውን ወረዳ በእኩል የሚነኩ ናቸው፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ በቀበሌና በቀበሌ መካከል የታየውን ልዩነት አያስረዱም። በ2005 አስናቀው ከበደ፣ ማካንና ባልደረቦቻቸው የቡሬን መረጃ መርምረው ባሳተሙት ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው አካባቢዎች የወባ ሕመም በቆሎ ከሚያንስባቸው በ9.5 እጥፍ በልጦ ተገኝቷል። ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የበረታ ነው፤ በቆሎ የሚበዛበት ቀበሌ ዝቅ ያለ፣ ሞቃትና ውሃ የሚቋጥር ሊሆን ይችላል፣ እንዲያ ከሆነ በሽታውን ያመጣው መሬቱ ነው እንጂ ሰብሉ አይደለም። በእኔ ግምት የ9.5 እጥፉ ቁጥር ብቻውን ይህን ሊመልስ አይችልም። የሚመልሰው ከእጮቹ ሙከራ ጋር ሲገጣጠም ነው፤ በሙከራው መሬቱና ሙቀቱ አንድ ሆኖ የተለየው ብናኙ ብቻ ነበርና። ከቡሬ ውጭ የተገኘ ማስረጃ ቡሬ ላይ ከታየው ጋር ሲስማማ ነገሩ ከጥርጣሬ ወደ እምነት ይጠጋል።

የበቆሎው መንገድ ከዚያ በኋላም አልቀና። በ2001ና በ2002 መካከል ምርቱ ስለበዛ ገበያው ወደቀ፤ ማዳበሪያ በብድር የወሰደ ገበሬ የሸጠው በቆሎ ዕዳውን አልከፈለለትም፣ ብዙውም በቀጣዩ ዓመት ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ቀነሰ። በ2002 ድርቅ አገሪቱን መታ፣ በቀጣዩ ዓመት ወባም በሰፊው ተነሣ። በ2004 ፋንሲዳር በኮአርተም ተለወጠ፤ ከ2005 ጀምሮ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር በሚሊዮኖች ይታደል ጀመር። በ2007 ካርተር ማዕከል 3 ሚሊዮን አጎበር ለኢትዮጵያ ሰጠ። በእነዚህ ዓመታት ሕመሙም ሞቱም ቀነሰ፤ በቆሎው ግን አልቀነሰም፣ እንዲያውም ጨመረ። ከዚህ ተነሥቶ አጎበር ካለ የበቆሎው አበባ ምን ያገባናል የሚል ክርክር ይቀርባል። ክርክሩ የአጎበሩን ዕድሜ ይዘነጋል። አጎበር ይቀደዳል፤ የታደለው በሦስት ዓመት ገደማ መተካት አለበት፤ አኖፊለስ አራቢየንሲስ ደግሞ ሰው ከመተኛቱ በፊትና ከቤት ውጭም ትነክሳለች። በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት አጋማሽ ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕመምና 1,157 ሞት መመዝገቡን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ጦርነት መንገድ ሲዘጋ፣ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ሲያጣ፣ አጎበሩ ሳይተካ ሲቀር፣ በየዓመቱ ሳይጓደል የሚቀጥለው የበቆሎው ማበብ ነው።

ዝርያዎቹም ተለውጠዋል። ግራጫ የቅጠል ነጠብጣብ የሚባለው የበቆሎ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ከገባ ወዲህ በሽታ መቻል የዘር አዳቃዮቹ ዋና ጭንቀት ሆነ። በ2011 የተለቀቀው ቢኤች 661 አንዱን ወላጅ ከቢኤች 660 ጋር የሚጋራ፣ ከፍታውም የመድረሻ ቀኑም ከእሱ ጋር የሚቀራረብ ነው፤ ሾኔና ሊሙ የተባሉት የፓዮኒር ዲቃላዎችም በጎጃም ገበሬ ዘንድ ስም አግኝተዋል። የአገሪቱ አማካይ የበቆሎ ምርት እ.ኤ.አ. ከ1990 እስከ 2013 ባለው ጊዜ በእጥፍ አድጎ ከ30 ኩንታል በላይ ሆኗል። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ሆኖም በአገሪቱ የሰብል ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ የዝርያው ምርት፣ ከፍታ፣ የዝናብ ፍላጎትና የመድረሻ ቀን ሲሰፍር፣ አበባው በየትኛው ወር በየትኛው አካባቢ ከወባ ወቅት ጋር እንደሚገናኝ የሚናገር መስመር አይገኝም። የጤና ባለሙያ በዝርያ ማጽደቂያ ጉባኤ ላይ ቢቀመጥ የሚከለክለው ዝርያ ላይኖር ይችላል፤ የሚጨምረው ምክር ግን ይኖራል። የቤት ውስጥ ርጭቱ በቆሎው አናቱን ከማውጣቱ በፊት ይለቅ፤ የቡሬና የወንበርማ ቆላ ቀመስ ቀበሌዎች አጎበር ሲታደል ይቅደሙ፤ ዘግይቶ የሚያብበው ዝርያ ከጓሮ ወጥቶ ራቅ ወዳለው ማሳ ይሂድ፣ ጓሮው ድንች ወይም በርበሬ ይያዝ፣ የግድ በቆሎ ከተፈለገም ቀድሞ የሚደርሰው ይዘራበት፤ ለምርጊት የተቆፈረው ጉድጓድ ከመስከረም በፊት ይደፈን። ብናኙ ሩቅ የማይሄድ መሆኑ እነዚህን እርምጃዎች ለገበሬው አቅም የቀረቡ ያደርጋቸዋል።

ገበሬው ይህን ሁሉ ለምን ይሸከም፣ መሬቱ ጠባብ፣ ጓሮው የመጨረሻ ዋስትናው አይደለም ወይ የሚል ቢኖር እውነት አለው። ኩንታሉ የሚመዘንለት እሱ ነው፤ ሸክሙም በእሱ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ስለዚህ ነው ምርምሩ ቀድሞ የሚያብብና ምርቱ የማይወድቅ ዝርያ ፍለጋን እንደ አንድ ግብ ሊይዘው የሚገባ። ከትንኟ በኩልም አዲስ በር ተከፍቷል። በ2017 ቤተልሔም ወንድወሰንና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በስዊድን የግብርና ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ባልደረቦቿ እንዳሳተሙት፣ እንቁላል የተሸከመች አኖፊለስ አራቢየንሲስ የበቆሎ ብናኝን ሽታ ተከትላ ትመጣለች፣ እንቁላሏንም እዚያው ትጥላለች። ተመራማሪዎቹ ሽታውን ከፋፍለው የሚስቧትን ውሁዶች ለይተው በላቦራቶሪ መልሰው ቀምመውታል። ይህ ቅመም እንቁላል ልትጥል የመጣችውን ትንኝ የሚይዝ ወጥመድ ሊሆን ይችላል፤ ለመስክ ሙከራም ነሐሴና መስከረም ላይ ከቡሬ ማሳዎች የተሻለ ቦታ አይገኝም።